ሙሉ ጉልበት ወይስ ከፊል? ከመወሰናችሁ በፊት

እናቴ ጉልበቷን ያስቀየረችው በ68 ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት የአጥንት ሐኪሞች ጋ ወስደናት ነበር። አንዱ «ከፊሉን ብንቀይረው ይበቃል» አሉን። ሌላው «ሙሉው መቀየር አለበት» አሉ። ቤት ገብተን ስንከራከር አመሸን። ወንድሜ «ከተነካ አይቀር ሙሉው ይነካ» ባይ ነው። እኔ ደግሞ ያነሰው ቀዶ ሕክምና ይሻላል ባይ ነበርኩ። ውጭ ያለችው እህታችን ገንዘቡን ይዛ መልሳችንን ትጠብቃለች።

የሐኪሞቹ ልዩነት የመጣው ከኤክስሬዩ ነበር። የመጀመሪያውን የተነሳችው ተኝታ ነው። ሰው ሲተኛ ጉልበቱ ላይ ክብደት ስለማያርፍ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ብሎ ይታያል። ሁለተኛው ሐኪም አቁመው አስነሷት። ቆማ ስትነሳ በውስጥም በውጭም ጎን አጥንት ከአጥንት ተገናኝቷል። ክርክራችን እዚያው አለቀ። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ኤክስሬዩ በቁም የተነሳ መሆኑን አረጋግጡ።

ጉልበት ሦስት ክፍል አለው፦ የውስጥ ጎን፣ የውጭ ጎን፣ ከሎሚው ሥር ያለው። አጥንቶቹ እንዳይፋጩ የሚሸፍናቸው ልምአጥንት ያለቀው በአንዱ ብቻ ከሆነ ከፊል ቅየራ ይታሰባል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የውስጥ ጎኑ ነው። «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ሲባል በአንድ ጣት ጠቁሞ የሚያሳይ ሰው ለከፊሉ የቀረበ ነው። እናቴ መዳፏን ዘርግታ ጉልበቷን በሙሉ ሸፈነችው። ሩማቶይድ የሚባለው ቁርጥማት ያለበት ሰው ሕመሙ መላ ጉልበቱን ስለሚበላ ሙሉው ይሻለዋል። እግሩ ተጣሞ የማይቃና ሰውም እንደዚሁ።

ሁለቱም የሚሆንለት ሰው ምን ይመዝን? ከፊሉ ቁስሉ ትንሽ ነው። የሚፈሰው ደም ያንሳል። ሆስፒታል የሚያስቆየው ጊዜ አጭር ነው፤ ቶሎም ያራምዳል። ጅማቶቹ ቦታቸው ላይ ስለሚቀሩ ጉልበቱ የራስ ጉልበት ይመስላል። በብሪታንያ 528 ሰዎችን ለ5 ዓመት የተከታተለ ጥናት በሕመምና በእንቅስቃሴ በኩል በሁለቱ መካከል ብዙ ልዩነት አላገኘም።

የተተካው ጉልበት በሚያገለግልበት ዕድሜ ግን ሙሉው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከ100 ሙሉ የጉልበት ቅየራዎች 82ቱ ገደማ 25 ዓመት ያገለግላሉ። ከከፊሎቹ ግን 70ዎቹ ገደማ ናቸው። ይህን ቁጥር ስታነቡ አንድ ነገር ያዙ። ከፊሉ ቢበላሽ ወደ ሙሉ ይቀየራል። ሙሉው ሲበላሽ ግን እንደገና መሥራቱ ከመጀመሪያው የከበደ ቀዶ ሕክምና ነው። የ50 ዓመት ሰውና የ75 ዓመት ሰው ይህን እኩል አያዩትም።

ከፊሉን የመረጠ ሰው ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «በዓመት ስንት ከፊል ጉልበት ይሠራሉ?» አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራ እጅ ላይ ቶሎ የሚበላሹት ይበዛሉ። ጥያቄው ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም አይቀየምበትም። ስለሚተከለው ሰው ሠራሽ ዕቃ ስምና ስለ ሮቦት ብዙ ይነገራችኋል። ሮቦቱ አጥንቱን በልክ ለመቁረጥ ይረዳል። እኔ ግን ለእሱ ከምጨምረው ብር ይልቅ ለፊዚዮቴራፒ ባወጣው እመርጣለሁ።

ጉልበቱን ለምን እንደምትፈልጉት ደግሞ ቀድማችሁ አስቡ። ከሙሉ ቅየራ በኋላ ደረጃ መውጣት፣ ገበያ መሄድ፣ መኪና መንዳት ይቻላል። ቁጢጥ ማለት ግን ይከብዳል። መንበርከክም ለብዙ ሰው አይመችም። ስግደት ለለመደ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴን ከሕመሙ በላይ ያሳሰባት እሱ ነበር። አሁን ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጸልያለች። በርጩማውን ትተን ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አወጣንላት። የመጸዳጃ ቤታችሁ መቀመጫ የሌለው ከሆነ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አስተካክሉት።

ማገገሙ ላይ ሁለቱ ቅየራዎች የሚለያዩት በፍጥነት ነው። ሥራው አንድ ነው። በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ዎከር በሚባለው በእጅ የሚያዝ መራመጃ ድጋፍ ያቆሟችኋል። ስፌቱ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይወጣል። ለሙሉው ወደ ስድስት ሳምንት ድረስ ምርኩዝ ያስፈልጋል፤ እብጠቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ዓመት ሊሞላ ይችላል። እኛ የተሳሳትነው ትራሱ ላይ ነው። አክስቴ ለእናቴ አዝና ጉልበቷ ሥር ትራስ አደረገችላት። ደስ ይላል፣ ሕመሙን ያስታግሳል። ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቃል፣ መዘርጋት እምቢ ይላል። ትራሱ መሆን ያለበት ከተረከዝ ሥር ነው። ጠያቂም በዛ። ሰው በመጣ ቁጥር «አይዞሽ፣ ዕረፊ» ይላታል፤ እሷም ታርፋለች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በአሥረኛው ቀን ስትመጣ ጉልበቱ 60 ዲግሪ እንኳ አልታጠፈም። በሁለት ሳምንት ወደ 90 መድረስ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ጠያቂ ከሰዓት ብቻ ይምጣ ብለን ወሰንን። ጠዋቱ የጉልበቱ ሆነ። እያለቀሰች ነው የሠራችው።

እዚህ ወይስ ውጭ የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እኛ እዚሁ አሠራናት። ህንድ ወይም ቱርክ የሚሄዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ከሄድን አይቀር» ብለው ሁለቱንም ጉልበት በአንድ ጊዜ ማሠራት ይፈልጋሉ። አንድ ማደንዘዣ፣ አንድ ጉዞ ነውና ያጓጓል። ነገር ግን ሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጫና ይበዛል። ልቡን ለሚያመው ሰው እኔ አልመክርም። ረጅም በረራም የደም መርጋት አደጋን ይጨምራል። መቼ መብረር እንደምትችሉና የደም ማቅጠኛውን እስከ መቼ እንደምትወስዱ ሐኪሙን በጽሑፍ አስመልሱት። ቁስሉ ቢቀላ፣ ቢያዥ ወይም ባታችሁ በድንገት ቢያብጥ ማን እንደሚያያችሁ ሳታውቁ ትኬት አትቁረጡ።

የትም ይሠራ፣ የተተከለው ዕቃ ስም፣ መጠንና ቁጥር ያለበትን ተለጣፊ ወረቀት ተቀብላችሁ ውጡ። ከ15 ዓመት በኋላ ያንን ጉልበት የሚከፍት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የእናቴ ወረቀት ከቤታችን ካርታ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።