ቆሻሻ የሚደፋውን መቅጣት ወይስ መክሰስ?

እንግሊዝ ውስጥ መንገድ ዳር ቆሻሻ ሲደፋ የተያዘን ሰው ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ምን ቢያደርገው ይሻላል?

ወጪ፦ ቅጣት ርካሽ ነው፣ ወረቀቱን ጽፎ መስጠት ብቻ። ክስ ግን ጠበቃ ምናምን እያለ ወራት ይፈጃል።

ጉልበት፦ ከ2023 ጀምሮ የመድፋት ቅጣት እስከ 1,000 ፓውንድ ደርሷል፣ የሲጋራ ቁራጭ ለጣለ ደግሞ እስከ 500። ፍርድ ቤት ግን ጣሪያ የሌለው መቀጮ፣ ሲብስም እስከ 5 ዓመት እስር።

ማስረጃ፦ ዋናው ራስ ምታት እዚህ ጋ ነው። ከከረጢቱ ውስጥ ስም ያለበት ደብዳቤ ይገኛል፣ ባለስሙ ሲጠየቅ "ባለ ቫን ከፍዬው ነው የወሰደልኝ" ይላል፣ በቃ ክሱ ተንጠለጠለ (ፈቃድ ለሌለው ሰው በመስጠቱ ግን እሱም እስከ 600 ሊቀጣ ይችላል)።

ለአንድ አሮጌ ፍራሽ ቅጣቱ ይበቃል። በቫን እየጫነ ለሚነግድበት ግን 1,000 ፓውንድ ምኑም አይደል፣ እሱን ፍርድ ቤት ማቆም ነው።