አራት ወር ያስጠበቀኝ ታቱ ቤት

መስከረም መጨረሻ ላይ ገባሁ፣ የተነቀስኩት ጥር 18 ነው። በመሃል የሆነውን ልንገራችሁ። ቤቱ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የተከፈለኝ እንዳይመስልባችሁ።

የፈለግኩት ትንሽ ነገር ነው። ጎጃም ያደገችው አያቴ አንገቷ ዙሪያውን ንቅሳት ነበረው፣ ግንባሯ ላይ ደግሞ መስቀል። የነቀሰቻት የሰፈሯ ሴት ናት፣ በመርፌና በኩራዝ ጥላሸት። ፊቷ ሳምንት ሙሉ አብጦ እንደነበር እየሳቀች ትነግረን ነበር። ያን መስቀል የእጄ አንጓ ላይ ፈለግኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ቤት ነበር። ልጁ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ በጨረፍታ አይቶ "ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፣ ቁጭ በይ" አለኝ። መርፌው ከማሸጊያው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ለማን እንደወጣ እግዜር ይወቀው። ሄፓታይተስና ኤችአይቪ በመርፌ እንደሚተላለፉ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። "ኤቲኤም ደርሼ ልምጣ" ብዬ ወጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ።

የሃያ ሁለቱ ነቃሽ ግን ከፎቶው በፊት ጆሮዬን አየ። ከጉትቻዬ ኋላ ያለችውን እባጭ። "ይቺ ጆሮሽን ስትበሺ የወጣች ናት?" አዎ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ። ኬሎይድ ነው አለኝ። ቁስሉ ድኖም ጠባሳው ከቦታው አልፎ ያድጋል፤ እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ይበዛል፤ አንዴ የወጣበት ሰው ሌላም ቦታ ሊወጣበት ይችላል። "ሐኪም ሳያይሽ አልነካሽም" ብሎ መለሰኝ። ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ብር ይዤ ሄጄ "አልፈልግም" ያለኝ ሰው አላውቅም።

አለርት ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ጆሮ፣ ደረትና ትከሻ ላይ እንደሚብስ፣ እጅ አንጓ ላይ ግን ዕድሉ ያነሰ እንደሆነ ነገረችኝ። ዋስትና የለም ብላም ጨመረች። ይህን ተመልሼ ስነግረው ክንዴ ላይ ሁለት ነጥብ ብቻ ነቀሰኝ። በነጻ። "ሦስት ወር እንጠብቅ። ካበጠ እንተወዋለን።" ኬሎይድ በሳምንት አይታይም ለካ።

ሦስት ወሩ በከንቱ አላለፈም። ንድፉን ሁለት ጊዜ ቀየርነው። እኔ ያሰብኩት መስቀል ከሃምሳ ሳንቲም አይበልጥም፣ ውስጡ በቀጫጭን መስመር የተሞላ ነበር። ቀለም ቆዳ ውስጥ ዓመት በዓመት እየሰፋ ይሄዳል፤ የተጠጋጉት መስመሮች ይገናኙና መስቀልሽ ጥቁር ነጥብ ይሆናል አለኝ። እውነቱን ነው። የአያቴም በስተርጅና ዳር ዳሩ ተድበስብሶ ነበር። ስለዚህ መስቀሉን አተለቅነው፣ ክፍተቱንም ጨመርን። መሃሉ ላይ ቀይ እፈልግ ነበር፤ አንቺ ቆዳ ላይ ሲድን ቡናማ መስሎ ይቀራል ብሎ አስተወኝ።

ታኅሣሥ መጨረሻ ነጥቦቹ ዝርግ እንዳሉ ናቸው። ደስ ብሎኝ "ለጥምቀት ይድረስልኝ" አልኩት። ከሐበሻ ቀሚሴ ጋር ታይቶኛል። "ጃንሜዳ ውሃ ሲረጩሽ ምን ልታደርጊ ነው?" አለኝ። ላይ ላዩ እስኪድን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የተጠራቀመ ውሃ አይነካውም። ፍል ውሃ የለም፣ ጠበል መጠመቅም የለም። ሌላው ምክሩ "በልተሽ ነይ" ነው፤ በባዶ ሆድ ራሳቸውን የሚስቱ አሉ። ረቡዕና ዓርብ ጿሚ መሆኔን ሲሰማ ሰኞ ቀጠረኝ። ቀብድ 1,000 ብር፣ ጠቅላላው 4,000።

ችግሩ እሑድ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ነበር። መጠጥ ደም ስለሚያቀጥን ከአንድ ቀን በፊት ክልክል ነው። ያ ሁሉ ጠጅ እየዞረ እኔ ሚሪንዳ ይዤ ቁጭ። እማዬ በዚያው ሰርግ ላይ ገላችሁን አትንቀሱ የሚለውን ዘሌዋውያን 19፥28ን አነሳችብኝ። "የእናትሽ አንገትስ?" አልኳት። "ያ ሌላ ነው" አለች። እንዴት ሌላ እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም።

ሰኞ መርፌውን ፊቴ ከፈተው። ከዚያ በፊት ማሸጊያው ላይ ያለውን ቀን እንዳነብ ሰጠኝ። ቀለሙን ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን በምታህል ነገር ቀዳ፣ የተረፈውን መጨረሻ ላይ ደፋው። ንድፉን በወረቀት ቆዳዬ ላይ አትሞ መስታወት ፊት አቆመኝ። ሁለት ጊዜ አስጠፋሁት፣ አልተነጫነጨም። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ግማሽ መስቀል ይዤ ተቀመጥኩ። ሕመሙ ትኩስ ጭረት ላይ ደግሞ እንደመጫር ነው። አጥንቱ ጋ ሲደርስ ግን ጥርሴን ነከስኩ።

ቅሬታም አለኝ። ቀጠሮዬ አራት ሰዓት ነበር፣ የጀመርነው አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ሊፍት የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰጡኝ የጥንቃቄ ወረቀት ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። አጠገቤ ተራ የምትጠብቅ ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በአማርኛ ማተም ስንት ያስወጣል? ከአምስት አራት ተኩል እሰጣቸዋለሁ፤ ግማሿን የወሰደችው ያቺ ወረቀት ናት።

በአምስተኛው ቀን መላጥ ጀመረ። ያሳክካል፣ ግን አይታከክም። ሽታ በሌለው ሳሙና አጥቤ የሰጡኝን ቅባት ሳሳ አድርጌ ስቀባ እማዬ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ዘሌዋውያንን አላነሳችም። ወጥ ቤት ገብታ ለጋ ቅቤ በሲኒ ይዛ መጣች። "እናቴንም የቀቧት ይሄን ነው" አለች።

አመስግኜ ተቀበልኳትና ፀጉሬን ተቀባሁት።