የባሊንት ቡድን፦ ለማን ይበጃል፣ ለማንስ አይበጅም?

ታካሚ ማየት ለሰለቸው፣ ልቡ እየደነደነ ለመጣ የጤና ባለሙያ የባሊንት ቡድን፣ ማለትም ባለሙያዎች ከታካሚ ጋር ስላላቸው ግንኙነት የሚነጋገሩበት ስብሰባ፣ ጥሩ አገልግሎት ነው። ዱቲ (የተረኝነት ሥራ) ለተደራረበበት ግን እንቅልፍን አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ (አይሲዲ-11) በርንአውትን፣ ማለትም ከሥራ ጫና የሚመጣን መታከት፣ በሦስት ነገር ይገልጸዋል፦ ዝለት፣ ከሥራ መራቅና መሰላቸት፣ የውጤታማነት ስሜት ማጣት። ቡድኑ በደንብ የሚነካው ሁለተኛውን ነው።

ማይክልና ኢኒድ ባሊንት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ በታቪስቶክ ክሊኒክ ያዳበሩት አሠራር ቀላል ይመስላል። ከ6 እስከ 12 ባለሙያዎችና አንድ ወይም ሁለት የሠለጠኑ መሪዎች ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዱ ከሐሳቡ አልወጣ ያለውን ታካሚ ያለ ቻርት (የሕክምና መዝገብ)፣ በቃሉ ያቀርባል። የማጣሪያ ጥያቄዎች ከተነሡ በኋላ አቅራቢው ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ዝም ይላል፤ ሌሎቹ ይቀጥላሉ።

ፍሬው ያለው እዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። አንዲት ነርስ ቁስል በተፈታ ቁጥር የሚሳደብ ታካሚ አለባት እንበል፤ ሳታውቀው የእሱን ተራ መጨረሻ ላይ ታደርገዋለች። ከቡድኑ አንዱ «እኔ እሱን ብሆን ከማልቀስ መሳደቡ ይቀለኛል» ሲል ትሰማለች። መልስ መስጠት አይጠበቅባትም። «ማስታገሻውን ቀደም ብለሽ ለምን አልሰጠሽውም?» የሚል ሰው ተነሥቶ መሪው ወዲያው ካላስቆመው ግን ነገሩ የኬዝ ግምገማ ይሆናል፤ እሷም ራሷን መከላከል ትጀምራለች።

የሚበላሽበት ሌላው ምክንያት የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው ኃላፊ አብሮ መቀመጡ ነው፤ ያኔ የሚቀርበው ያማረ ኬዝ ብቻ ነው። ከዱቲ መውጫ ላይ የሚያዝ ሰዓትም እንዲሁ ከንቱ ነው፤ በሥራ ሰዓት፣ ተተኪ ተመድቦ መሆን አለበት። አባላቱ አይቀያየሩ። በሁለት ሳምንት ወይም በወር አንዴ ሆኖ ቢያንስ አንድ ዓመት ይሂድ፤ የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች በይሉኝታ የተሞሉና ደረቅ ናቸው፣ በእነሱ አይፈረድ። ጥናቶቹ አብዛኞቹ ትንንሽ፣ ውጤታቸውም የተቀላቀለ ስለሆነ «በርንአውትን ያጠፋል» የሚል ሻጭ አይታመን።

ከቡድኑ መሪ ጋር ውል ከመፈረሙ በፊት ለአስተዳደሩ የሚደርሰው የተሰብሳቢ ቁጥር ብቻ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። ድባቴ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለበት ባልደረባ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ መሪው የት እንደሚልከው አስቀድሞ የማያውቅ ከሆነ አይቀጠር።