ፓርለር ወይስ ቴሌግራም? የተባረሩት የኪውአኖን ሰዎች መጠጊያ

በጃንዋሪ 2021 (እ.ኤ.አ.)፣ ከካፒቶሉ (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻ) ወረራ በኋላ፣ ትዊተር ከ70,000 በላይ የኪውአኖን (ትራምፕ ሕጻናትን ከሚበድሉ ድብቅ ኃያላን ጋር ይዋጋል የሚል መሠረተ ቢስ የሴራ ትረካ) አካውንቶችን ዘጋ። ለተባረሩት ቅርብ ከነበሩት በሮች ሁለቱን እንይ።

ፓርለር የተባለው ማኅበራዊ ሚዲያ ትዊተርን ይመስል ስለነበር ለመልመድ አያስቸግርም ነበር። ግን ራሱ የሰው ቤት ተከራይ ነበር። ጉግልና አፕል ከመተግበሪያ መደብራቸው አወጡት፣ አማዞን ሰርቨሩን ከለከለው፤ በቀናት ውስጥ ድርግም አለ። በወሩ ሌላ አስተናጋጅ አግኝቶ ቢመለስም፣ በዚያ ትኩስ ሰዓት አልነበረም።

ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፍቶ ሊንኩን መበተን ነው፣ አለቀ። አንድ ቻናል ቢዘጋ እንኳ ተከታዩን ወደ መጠባበቂያው መጥራት ቀላል ነው። ፎርዋርዱ ደግሞ ቻናሉን ከቻናል ያስተዋውቃል። ጉድለቱ? ትዊተር ላይ ያልፈለጋቸውም ሰው ያያቸው ነበር። እዚህ የሚያገኛቸው በአብዛኛው ፈልጎ የገባ ነው። ተሟጋችም የለም፤ ቻናሉ ኮሜንት ካልከፈተ መልስ መስጠት ራሱ አይቻልም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።