ባሕር ዳር ሳይክል ያላችሁ፣ አንድ የሳይክል ጠጋኝ ልጠቁማችሁ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ወራት አልፈዋል። ያዘገዩኝ ራሳቸው ተመስጋኙ ናቸው። «ስሜንም ስልኬንም ፌስቡካችሁ ላይ እንዳታወጣ» ብለውኛል። ስልካቸውን ባወጣውም አይጠቅማችሁም፤ እጃቸው ሁልጊዜ ግራሶ ስለሆነ አያነሱም። ስለዚህ እዚህም ሰፈሩ እንደሚጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ። ቦታውን ማወቅ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ሱቅ ግን አትጠብቁ። አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ውሃ የሞላ ሳፋ፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ጎማ። ማስታወቂያቸው ያ ጎማ ነው።

እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ሳይክል የምነዳው ለውድድር አይደለም፤ ሆዴ ይመሰክራል። ከሰኞ እስከ አርብ ወደ ሥራ እነዳለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር እስከ ዘንዘልማ፣ ጉልበታችን ከፈቀደ እስከ ሐሙሲት። ባሕር ዳር ለሳይክል የተመቸች ናት ብሎ ለባሕር ዳር ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሜዳ ናት፣ ዘንባባው ጥላ ነው፣ ተማሪውም እናቱም ይነዳል። ጠጋኝም ሞልቷል። የሚያስብ ጠጋኝ ግን እንደዚያ አልሞላም።

ነገሩ የጀመረው በኋላ ጎማዬ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር አምስት ጊዜ ተነፈሰ። በየጊዜው መንገድ ዳር ያገኘሁት ሰው ከመነዳሪውን፣ ማለትም ነፋስ የሚሞላውን የውስጥ ላስቲክ ያወጣል፣ ይለጥፋል፣ ብሩን ይቀበላል። ባለቤቴ መጠርጠር ጀመረች። «ለእኛ ስትታዘዝ ብቻ ነው እንዴ የሚተነፍሰው? ዘንዘልማ ስትሄድ ሰምቼ አላውቅም» አለች። መልስ አልነበረኝም። ስድስተኛው የተነፈሰው ትንሿን ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ስሄድ ነበር። አርባ ደቂቃ ዘገየሁ። ስደርስ ከጥበቃው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ አላየሁህም በሚል ፊት ወደ ሌላ ታያለች። እሷን በአንድ እጄ፣ ሳይክሉን በሌላው እየገፋሁ ስመለስ ነው ያንን የተንጠለጠለ ጎማ ያየሁት።

ጋሼ ከመነዳሪውን አውጥተው ነፉት። ሳፋው ውስጥ ነክረው አረፋ የሚወጣበትን አዩ። ማስቲሹን ያነሳሉ ብዬ ስጠብቅ ከመነዳሪውን ፊቴ ዘረጉና «ቁጠር» አሉኝ። አምስት ልጥፍ አለ።

«ሁሉም በየት በኩል ናቸው?»

አየሁ። ሁሉም በውስጥ በኩል፣ ወደ ቸርኬው፣ ጎማው ወደሚቀመጥበት የብረት ክብ፣ በሚዞረው ፊት ላይ ናቸው።

«እሾህ የሚገባው ከውጭ ነው ልጄ። መንገዱን አትማው፤ የሚወጋህ የራስህ ቸርኬ ነው።»

ቸርኬው ውስጥ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍን ቀጭን የጎማ ቀበቶ አለ። የእኔ ተበጥሶ ወደ ጎን ሸሽቷል። አንዱ ሽቦ ጫፉን አውጥቶ፣ ጎማው በተነፋ ቁጥር ከመነዳሪውን ይወጋዋል። አምስት ሰው ለጥፎት አንዱም ለምን እንደተበሳ አልጠየቀም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠየቅኩም። ጋሼ የወጣውን ጫፍ በሞረድ በሉት። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀበቶ ቆርጠው አለበሱት። የከፈልኩት ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥ።

ከዚያ ወዲህ ተንፍሶ አያውቅም ብዬ አልዋሽም። ጥር ላይ የግራር እሾህ ወግቶታል። እሱን ግን ራሴ ነኝ የለጠፍኩት፣ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ከመነዳሪውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግ ማድረግ። ማስቲሹን ሳሳ አድርጎ ቀብቶ መጠበቅ፤ ጣት ሲነኩት መያዙን እስኪተው። ቸኩሎ እርጥቡ ላይ የለጠፈ ሰው ነገ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመነዳሪውን ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሱ። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ይጠብቃችኋል። በባዶ እጅ አትዳብሱ፤ እኔ ዳብሼ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ፤ ምስጋናው በአብዛኛው የእሷ ነው።

ስድስት ዓመቷ ነው። ከወንድሟ የወረሰችው ሳይክል ሁለት ረዳት ጎማዎች ነበሩት። ከነሱ ጋር ንግሥት ናት። ነቅዬ ጎንበስ ብዬ መቀመጫውን ይዤ ስሮጥ ግን እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ወገቤን እይዛለሁ። ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ። «ፔዳሉን ንቀልላት» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ረዳት ጎማ ፔዳል መምታትን እንጂ ሚዛንን አያስተምርም። ፔዳሎቹን ታወጣላችሁ፣ ሁለቱም እግሯ ሙሉ በሙሉ መሬት እስኪረግጥ መቀመጫውን ታወርዳላችሁ። ከዚያ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ሜዳ ፈልጋችሁ በእግሯ እየገፋች እንድትሄድ ትተዋላችሁ። መያዝ የለም፣ መሮጥ የለም። እግሯን አንስታ ስትንሳፈፍ ካያችሁ ፔዳሉን መልሱላት።

እቤት ገብቼ ፔዳሉን ለመፍታት ተነሳሁ። የቀኙ ወጣ። የግራው እምቢ አለ። ታገልኩት፣ ቁልፉ ላይ በእግሬ ቆምኩበት። በመጨረሻ ቁልፉ ሸርተት አለና ጠርዙን በላው፤ የእጄም ቆዳ ተላጠ። በማግሥቱ ሳይክሉን ተሸክሜ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ፔዳሉን ሳያዩ እጄን አይተው አወቁ። «ግራውን እንደ ቀኙ ፈታኸው አይደል?» የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው ለካ። እየነዳን እንዳይፈታ ተብሎ እንደዚያ ተሠርቷል። እኔ ለካ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳጠብቀው ነበር። ለእናንተም ይጥቀማችሁ፤ ቁልፉን ወደ ላይ አቁማችሁ ወደ ኋላ ጎማው ከሳባችሁ በሁለቱም በኩል ይፈታል። ጋሼ የተበላውን ጠርዝ በሞረድ አስተካክለው በረጅም ቱቦ አላቀቁት። የእጅ ዋጋ አልተቀበሉኝም። «ለትምህርት ቤት ትከፍል የለ፣ ይኼ ነፃ ነው» አሉ።

በአራተኛው ቀን ልጄ ሰፈራችን ያለችውን ሜዳ ያለ ማንም እርዳታ አቋረጠች። ከዚያ ፍሬን መያዝ ረስታ አጥር ውስጥ ገባች። ይህንንም ለጋሼ ነገርናቸው። የፍሬን እጀታውን ወደ ጣቷ አቀረቡት። ለካ እጀታው ላይ ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ብሎን አለች። ስንት ልጅ ነው ጣቱ ፍሬኑ ላይ ሳይደርስ የሚነዳው! ዛሬውኑ የልጆቻችሁን እዩ። ሄልሜት ካላችሁም ግንባር ላይ ዝቅ ይበል፤ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት። ማጅራት ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት ጌጥ ነው።

ባለቤቴ ግን ገና አልተማረከችም ነበር። እሷ የምትነዳው በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋ የኋላ ጎማ ውስጥ ገባ። ደግነቱ ቀስ ብላ ነበር፤ አልወደቀችም። ጥበቡ ግን ተቀደደ። የነጠላዋን ነገር እዚህ ባልዘረዝረው ይሻላል። ሳይክሉን ለጋሼ ወሰድኩት። በነጋታው እሷ ራሷ ልታመጣው ሄደች። ከቢጫ የዘይት ጄሪካን ፕላስቲክ ቆርጠው፣ በኋላ ጎማው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ አስረውላታል። ካቴናውንም ሸፍነውታል። «እታለም፣ ከእንግዲህ ቀሚስም ነጠላም እንደልብሽ» አሏት። መልኩ አያምርም፣ ልጆቹ «የዘይት ሳይክል» ይሉታል። እሷ ግን አሁን ገበያም በሱ ነው የምትሄደው። የእሁድ ጠዋት ንትርክም አብሮ ቀረ።

አሁን አራታችንም አብረን እንወጣለን። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ ለሳይክል የራሱ መስመር ስላለው እዚያ ስንደርስ ትንሽ እፎይ እንላለን። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፤ ልጄ ሁለቴ ትመላለስና «አንድ ኪሎ ሜትር ነዳሁ» ትላለች። አልከራከራትም። እስከዚያ ያለው መንገድ ነው ችግሩ። መጀመሪያ ላይ እኔ ከፊት ሆኜ ልጆቹን አስከትል ነበር፣ እንደ ዳክዬ። ጋሼ ሲያልፉ አይተውኝ በማግሥቱ ተቆጡኝ። «ልጅን ከኋላህ አድርገህ ምኑን ታየዋለህ?» ትክክል ናቸው። ልጁ ከፊት፣ ትልቁ ሰው ከኋላ፣ ትንሽ ወደ አስፋልቱ መሃል ወጣ ብሎ። ያኔ ባጃጁም አንተን ዞሮ ያልፋል፣ አንተም ልጁን ታያለህ። ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ ያለ ምልክት ጥግ ይይዛል፤ ስለዚህ ቀልቤ ከባጃጁ ይልቅ ጥግ ላይ እጁን ያነሳው ሰው ላይ ነው።

የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ደግሞ ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይ በ2016 ክረምት ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ከወሰደ ወዲህ ቤዛዊት ኮረብታን ካልወጣሁ ይላል። ጋሼ ዘንድ ስለ ቢንያም ሲያወራ «ገረመው ደንቦባንስ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁት። አያውቅም። እኔም በቅጡ አላውቅም ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር፤ ገረመው አንዱ ናቸው። ቱር ደ ፍራንስን የነዳው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ መሆኑንም ልጄ የሰማው እዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ቤዛዊትን ግን በወሬ አይወጡትም። ጋሼ የሰጡት ምክር አንድ ነው፤ ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ቀንስ። ዳገት ላይ ፔዳሉን እየረገጡ ማርሽ መቀየር ካቴና ይበጥሳል። ልጄ ሦስተኛው ሙከራው ላይ ወጣው። እኔ ግማሹን ገፋሁ።

ስለ ካቴና ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ኪሳራ ውስጥ ነን። ጋራዥ ሄደን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለምነን የምንቀባ ስንት ነን? እኔ ለዓመታት። ያ ዘይት አቧራውን ሰብስቦ እንደ ሞረድ ካቴናውን ይበላዋል። መጀመሪያ በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ ንጹሕ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ትርፉን እንደገና መጥረግ። ጋሼ ካቴና ማለቁንና አለማለቁን በአሥራ ሁለት ኢንች ማስመሪያ ይለካሉ። የማስመሪያውን ዜሮ አንዷ ፒን መሃል ላይ ያደርጋሉ። ካቴናው ጤነኛ ከሆነ አሥራ ሁለተኛው ኢንች ላይም የሌላ ፒን መሃል በልኩ ይውላል። አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ካለፈ ካቴናውን ቀይር ይሉሃል። ሦስት ካለፈ የማርሹ ጥርስም አብሮ ሄዷል። የእኔን ለክተው «ገና ነው፣ ብርህን አስቀምጥ» አሉኝ። እኔ አዲስ ካቴና ገዝቼ ነበር የሄድኩት። ወደ ገዛሁበት ሱቅ መልሰው ላኩኝ።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፣ ኋላ እኔን እንዳትወቅሱ። «ነገ ና» ካሉ ከነገ ወዲያ ማለት ነው። አዲስ ዕቃ የላቸውም፤ ገዝታችሁ ነው የምትሄዱት፣ መጀመሪያ ግን ጠይቋቸው። የዘይት ፍሬን ያላቸውን ዘመናዊ ሳይክሎች አይነኩም፣ እንደማይነኩም ፊት ለፊት ይናገራሉ። እሁድ አይሠሩም። ሳይክላችሁን ጭቃ በጭቃ አድርጋችሁ ከመጣችሁ ይቆጣሉ፤ ክረምት ላይ ቢሆንም ይቆጣሉ። ዋጋ ደግሞ አትከራከሯቸው፣ መጀመሪያውኑ የሚጠይቁት ትንሽ ነው። እኔ በበኩሌ ጨመር አድርጌ አስቀምጬ እሮጣለሁ።

ጋሼ፣ ይህን እንደማያነቡት አውቃለሁ። ልጅዎ ያነብልዎት ይሆናል። ነጠላውን፣ አጥሩን፣ የተላጠውን እጄን፣ ያቺን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጠበቀችኝን ልጅ ሁሉ አስቤ ነው የጻፍኩት። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ የልጅቷን መቀመጫ ከፍ ልናስደርግ እንመጣለን፤ ጉልበቷ መሪውን መምታት ጀምሯል።

እና አንተ ባለፈው ሳምንት ትልቁን መንፊያ «አሁን መጣሁ» ብለህ የተዋስክ ልጅ፣ ይህን ካየህ መልስላቸው። በትንሿ እየነፉ ነው።