«ጋዝ አልሞላልህም» ብሎ ለመለሰኝ የድሬ ልጅ

የአሮጌ መኪና ኤሲ ላስመረራችሁ የድሬዳዋ ሰዎች አንድ ባለሙያ ልጠቁማችሁ። እግረ መንገዴንም ምስጋናዬን ላድርስ። ጋራዡ ሳቢያን ውስጥ ነው። ታፔላ የለውም። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም። «ልጻፈው?» ብዬ ብጠይቀው «አቦ ጋሼ ተወኝ! ስልኬ ፌስቡክ ላይ ከወጣ ሥራዬን ትቼ ሃሎ ሃሎ ስል ልውል ነው» አለኝ። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እልክለታለሁ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1997 ሞዴል ኮሮላ ናት። ሞተሯ አንደኛ ነው። ያስቸገረችኝ በኤሲ ነው። ሙቀቱ ሲጠና ጋዝ ይሞላላታል፣ ለጥቂት ሳምንት ታቀዘቅዛለች። ከዚያ በኋላ ማብሪያውን ስጫነው የሚመጣው ያው የውጭው ንፋስ ነው፣ ያውም በዳሽቦርዱ ውስጥ ዞሮ ይበልጥ ሞቆ። ዘንድሮ የሄድኩበት አንድ ጋራዥ ደግሞ ጭራሽ «ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው ኮምፕረሰር ዛሬ ስንት እንደገባ የገዛ ያውቀዋል። ብቻዬን ብሆን መስኮት ከፍቼ እችለው ነበር። ግን እናቴን ለሐኪም ቀጠሮ በጠራራ ፀሐይ ይዣት እወጣለሁ፣ ደም ግፊት አለባት። የድሬን የግንቦት ቀትር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ለሚያውቅ ደግሞ አያስፈልግም።

ይህን ልጅ የነገረኝ አይሱዙ የሚነዳ ጎረቤቴ ነው። በማለዳ ሄድኩ። ኮፈኑን ከፍቼ «ጋዝ ሙላልኝ» አልኩት።

«አልሞላልህም» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። «ባለፈው የሞላኸው የት ሄደ?»

«አለቀ።»

«የኤሲ ጋዝ አያልቅም ጋሼ። ቤንዚን አይደለም፣ አይቃጠልም። ዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ በሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። የወጣበትን ሳላገኝ ከሞላሁልህ የተበሳ ጎማ ነፍቼ እንደ መስጠት ነው።»

ከዚያ መጠየቅ ጀመረ። ቆመህ ነው የሚሞቀው ወይስ እየሄድክም? ስታበራው ሞተሩ ትንሽ ያጓራል ወይስ ድምፁ አይለወጥም? ጥያቄዎቹ ከንቱ አልነበሩም። ስትነዱ የሚያቀዘቅዝ፣ ባጃጅ መንገድ ዘግቶባችሁ ስትቆሙ ደግሞ የሚሞቅ ኤሲ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከፊት ያለው ፋን ወይም በአቧራ የተደፈነ ኮንደንሰር (ከፊት ያለው፣ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው) ነው። ቆማችሁም ስትሄዱም ንፋስ ብቻ ከሆነ ግን ወይ ጋዝ የለም ወይ ኮምፕረሰሩ አልተነሳም። የእኔ ሁለተኛው ነበር።

ሞተሩን ሳያስነሳ የግፊት መለኪያ ጌጁን ገጠመ። ሰማያዊው ቱቦ ዝቅተኛ ግፊት ወዳለበት፣ ቀዩ ከፍተኛ ወዳለበት። በዚያ ሰዓት ሙቀት ጤነኛ ሲስተም ቆሞ 90 ፒኤስአይ አካባቢ ማንበብ ነበረበት። የእኔ 20 ላይ ተኝቷል። «ይኸው» አለ፣ «ኮምፕረሰርህ አልሞተም። ግፊቱ ሲወርድ ሴንሰሩ ራሱ ነው እንዳይነሳ የሚያደርገው። ያለ ጋዝ ከዞረ ዘይቱም ስለማይዞር ይነክሳል።» እንዳምነው ደግሞ የኮምፕረሰሩን ሶኬት ነቅሎ ከባትሪ በሽቦ 12 ቮልት ሰጠው። ኮምፕረሰሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ክላች ቀጭ ብሎ ያዘ። ሽቦውን አነሳ፣ ለቀቀ። ሞቷል የተባለው ኮምፕረሰር ማለት ይህ ነው። ያ ሌላው ጋራዥ ይህችን የሽቦ ሙከራ ለምን እንዳልሞከራት እግዜር ይወቅ።

አሁን ወደ ፍለጋው ገባ። እኔን ያስደሰተኝ ይሄኛው ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ። መሣሪያ አላነሳም። በስልኩ መብራት ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተላቸው። ጋዙ የኮምፕረሰር ዘይት ይዞ ስለሚዞር የሚያፈስበት ቦታ ላይ ዘይት ይተዋል። ዘይቱ ላይ የድሬ አቧራ ይለጠፍበታል። ኮንደንሰሩ ጋ ቱቦው የሚታሰርበት መጋጠሚያ ሥር ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር አገኘ። በአውራ ጣቱ ጠረግ አደረገና አሳየኝ፣ ያንሸራትታል። «አንዱ ይሄ ነው።» አንዱ! እኔ እኮ ማግኘቱ በቅቶኝ ልንሄድ መስሎኝ ነበር።

የናይትሮጅን ቦምቦላ አምጥቶ ሲስተሙን በናይትሮጅን ወጠረው። ለምን በተራ አየር እንዳልሆነ ብጠይቀው አየር እርጥበት አለው አለኝ፤ እርጥበት ደግሞ የኤሲ ጠላት ነው። የሳሙና ውኃ በቀለም ብሩሽ እየቀባ ሄደ። የኮንደንሰሩ መጋጠሚያ ወዲያው አረፋ አወጣ። ሌሎቹ ዝም አሉ። በመጨረሻ ጋዝ የሚሞላበት አፍ ላይ አንድ ጠብታ ጣል አደረገ። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ የስንዴ ቅንጣት የምታክል አረፋ ብቅ አለች። ፈነዳች። ሌላ ብቅ አለች። እዚያ አፍ ላይ መኖር ያለበት የፕላስቲክ ክዳን የለም። ጋዝ የሞላ ሰው ከፍቶት ሳይመልሰው ቀርቷል፤ በክዳኑ ፈንታ አቧራ ገብቶ ቫልቩን እንዳይገጥም አድርጎታል። ጋዝ ሊሞሉልኝ የከፈቱት በር ነው ጋዜን ሲያስወጣ የከረመው። ልጁ ማንንም አልወቀሰም። «ክዳኗ ትንሽ ስለሆነች ይንቋታል» ብቻ አለ።

ጥገናው ከፍለጋው አጠረ። የመጋጠሚያውን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) መኪናዬ ለምትጠቀመው፣ 134 ለሚባለው ጋዝ በሚሆነው አረንጓዴ ኦሪንግ ቀየረ፣ ቫልቩን ቀየረ፣ ክዳን ገጠመ። ድራየሩ ግን አዲስ መሆን አለበት አለ። ድራየር እርጥበት የሚመጥ ነገር የታጨቀባት ጣሳ ናት፣ ሲስተም ባዶ ሆኖ ከከረመ ትጠግባለች። ድሬ ውስጥ ለእኔ ሞዴል የሚሆን አጣን። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ካለ ሰው በአውቶቡስ አስመጣልኝ። እስኪመጣ የቱቦዎቹን አፍ ሁሉ በፕላስቲክ አሽጎ ነው ያስቀመጣቸው። አየሩን ላለማስገባት ነው፤ ማንም አይቶ የሚያመሰግነው ሥራ አይደለም፣ ግን ሠራው።

ከዚያ ቫኪዩም። ብዙ ቦታ ይህን ይዘሉታል ወይም ለአምስት ደቂቃ ያህል አሳርፈው ያነሱታል። እሱ ፓምፑን 45 ደቂቃ አስነሳው። አየሩ ተመጥጦ ሲያልቅ ውስጥ የቀረው ውኃ በተራው ሙቀት ፈልቶ ተንኖ ይወጣል። ይህ ካልሆነ ውኃው ከጋዙና ከዘይቱ ጋር አሲድ ይፈጥራል፣ ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍበት ኤክስፓንሽን ቫልቭ ላይም በረዶ ሆኖ ይዘጋል። ፓምፑን አጥፍቶ ሻይ ጋበዘኝ። ስንመለስ መርፌው ካለበት ንቅንቅ አላለም። «አሁን ይሞላል» አለ።

አሞላሉም ልዩ ነው። ቦምቦላውን ሚዛን ላይ አስቀመጠ። ኮፈኑ ሥር ካለው ጽሑፍ ላይ የጋዙን ዓይነትና መጠን አነበበ፣ የእኔ 650 ግራም ነው። በግራም እየቆጠረ አስገባ። በጌጅ ብቻ መሙላት ለምን እንደማይበቃም አስረዳኝ። ሞተር ጠፍቶ፣ ውስጡ ትንሽ እንኳ ፈሳሽ ጋዝ ካለ፣ መርፌው የሚያነበው የቀኑን ሙቀት እንጂ የጋዙን ብዛት አይደለም። ከልክ በላይ መሙላት ደግሞ ማጉደልን ያህል ይጎዳል፤ ግፊቱ ይንራል፣ ኮምፕረሰሩ ይጨነቃል፣ ቅዝቃዜውም ይቀንሳል። መነጽርና ጓንት አድርጎ ነው የሚሞላው። ጋዙ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነው፣ ዓይን ላይ ቢረጭ ያቃጥላል።

ኮንደንሰሩንም ቀስ ባለ ውኃ አጠበልኝ። የወጣው አፈር ግማሹ የመልካ ጀብዱ ነው ብዬ ቀለድኩ። ቴርሞሜትር ንፋስ መውጫው ላይ ሰካ። 8 ዲግሪ ላይ ቆመ። ውጭው 36 ነበር።

ስለ ገንዘብ። ቁጥር አልጽፍም፣ የጋዝ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። አከፋፈሉን ግን ልንገራችሁ፦ ጋዝ ለብቻ፣ ድራየር ከነደረሰኙ ለብቻ፣ ኦሪንግና ዘይት ለብቻ፣ የእጅ ዋጋ ለብቻ ጽፎ ሰጠኝ። የቀየራቸውን ዕቃዎችም በፌስታል አድርጎ አስረከበኝ። ድምሩ ለኮምፕረሰር ከተጠየቅኩት ጋር አይወዳደርም።

ሁሉም ነገር ማር አይደለም። ስልክ አያነሳም። «ነገ» ሲል ከነገ ወዲያ ሊሆን ይችላል። መቀመጫው አንድ ያረጀ የመኪና ወንበር ነው፣ ጥላውም ቶሎ ይሸሻል። ከቀትር በኋላ አይሠራም። በርጫ ላይ ነው ያላችሁ ተሳስታችኋል፤ በዚያ ሙቀት ጋዝ መመዘን ስለማይወድ ነው። ሙያውን ያስተማሩት ድሮ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፎቹን በቁጥር ደርድሮ ሲሰቅል ሳይ ገባኝ።

የዕድሜ ጠገብ መኪና ባለቤቶች አንድ ነገር እወቁ። እ.ኤ.አ. ከ1994 በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ አር 12 የሚባለውን ጋዝ ነበር የሚጠቀሙት። ኦዞንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ምክንያት ከገበያ ወጥቷል። የድሮ ዲኤክስ ያለው ጓደኛዬን ይዤው ሄድኩ። ልጁ በ134 እንዲሠራ ሊቀይረው ተስማምቷል፣ ግን ዝም ብሎ ጋዙን በላዩ አያስገባም። የድሮው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይስማማም፤ ዘይቱ፣ ኦሪንጎቹና ድራየሩ አብረው ይቀየራሉ፣ መሙያ አፉ ላይም አስማሚ ይገጠማል። በትንንሽ ጣሳ የሚሸጠውን ርካሽ ጋዝ ደግሞ ዓይኑን ማየት አይፈልግም። አንዳንዱ ከቡታጋዝ የማይሻል ተቀጣጣይ ነው፤ ቱቦ ቢፈነዳ ሞተሩ ላይ ነው የሚረጨው ይላል።

ያስቀመጠልኝን ምክር ላካፍል። በክረምትም ቢሆን በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ አብሩት፣ የኮምፕረሰሩ ጎሚኒ ዘይት ካላገኘ ደርቆ ያፈሳል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ መስኮት ከፍታችሁ ትኩሱን አስወጡ፣ ከዚያ ዝጉና የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ተጫኑ። ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ላይ አጥፉት። ዳገቱ ላይ አሮጌ ሞተር ኤሲውንም ራሱንም መሸከም ይከብደዋል፣ ሐረማያ ከደረሳችሁ ደግሞ መስኮት ይበቃችኋል።

ወንድሜ፣ እናቴ መርቃሃለች። «ይህ ልጅ እጁ ይባረክ» ብላ መንገዱን ሙሉ ስትደግመው ነበር፣ ከኋላ ወንበር፣ ነጠላዋን ተከናንባ፤ በርዷት።

ልትሄዱ የምትፈልጉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ታገኙታላችሁ። «ጋዝ ብቻ ሙላልኝ» ብላችሁ አትሂዱ፣ ይመልሳችኋል። ዓርብ ጭራሽ አይከፍትም።