«የቆዳ ስራ ሙሉ ኪት» ወይስ ከመርካቶ ለቅሞ መግዛት፣ የኔ አስተያየት

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ «የቆዳ ስራ ሙሉ ኪት» እየተባለ ስለሚሸጠው እቃ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልፃፈውና ልረፍ። እቃው የቻይና ነው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው ሚመጣው፣ ውስጡ ወስፌ አለ፣ መርፌ አለ፣ ሰም የተቀባ ክር አለ፣ ሹካ ሚመስል ባለ ጥርስ መብሻ፣ የጠርዝ መላጊያ፣ የጠርዝ ማሻሻ እንጨት፣ የአበባና የቅጠል ማህተሞች፣ ናይለን መዶሻ፣ ብቻ ምን የሌለ አለ። ፎቶው ያምራል፣ አይካድም። ግን ግማሹ እቃ እጃችሁ ላይ ስራ ፈቶ ነው ሚቀመጠው፣ ምክንያቱ ደሞ ጥራቱ አይደለም፣ ኪቱ የተሰራው እኛ ገበያ ላይ እንደልብ ለማይገኝ ቆዳ ስለሆነ ነው።

ይሄን ሻጮቹ አይነግሯችሁም፣ ምናልባት እነሱም አያውቁትም። ቆዳ የሚለፋባቸው ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው፣ አንዱ በክሮም ኬሚካል ሌላው ከዛፍ ቅርፊት፣ ከእንጨትና ከቅጠል በሚወጣ ታኒን፣ ነጋዴው ቬጂቴብል ሚለው ማለት ነው። ክሮሙ ቶሎ ይደርሳል፣ ይለሰልሳል፣ ሙቀትና ውሃ ይችላል፣ ለዛ ነው ለጫማ ፊት፣ ለጃኬትና ለጓንት ሚመረጠው። ቬጂቴብሉ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ ጠንከር ያለ ነው፣ ቅርፅ ይይዛል፣ እርጥብ አድርጋችሁ ማህተም ብትመቱበት ምልክቱ እዛው ይቀራል፣ ጠርዙን በትንሽ ውሃ አርሳችሁ በእንጨት ስታሹት ይጠብቅና ያብረቀርቃል። የኛ ፋብሪካዎች፣ የሞጆዎቹን ጨምሮ፣ በብዛት ሚሰሩት ለጫማ፣ ለጓንትና ለልብስ ስለሆነ መርካቶ ወርዳችሁ እጃችሁ ሚገባው ቆዳ አብዛኛው ክሮም ነው። ክሮም ላይ ማህተም ምቱ፣ ትንሽ ቆይቶ ተነስቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠርዙን ብታሹት ብታሹት ፀጉራም ሆኖ ይቀራል እንጂ አይዘጋም። መላጊያውም ለስላሳውን ቆዳ ከመላጥ ይልቅ ይጎትተዋል። ስለዚህ ማህተሞቹ፣ ማሻሻው፣ መላጊያው በቃ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።

ሚገርመው ማህተም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የድሮ የብራና መፃህፍት ልባስን አይታችሁ ከሆነ፣ እንጨቱ ላይ የተለበጠው ቀይ ቡናማ ቆዳ ላይ መስቀሉም ጠርዝ ጠርዙን ሚዞረው መስመርም በጋለ ብረት ተጭኖ የተሰራ ነው፣ ቀለም የለ ወርቅ የለ፣ ጭረቱ ብቻ ነው ሚታየው። አንዳንድ መምሬዎች ጋ ያለ ዳዊት ላይ አሁንም ጥርት ብሎ ይነበባል። ከኪቱ የፕላስቲክ አበባ ማህተም ጋ ሳነፃፅረው ትንሽ ሀፍረት ቢጤ ይሰማኛል።

እና የያዛችሁት ቆዳ የቱ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ቁርጡን እዩት፣ መሀሉ ላይ ሰማያዊ ወይ ግራጫ ሚመስል ነገር ካለ ክሮም ነው፣ ቬጂቴብል ከላይ እስከ ታች ቡናማ ነው ሚሆነው። ግን ቀለም ውስጡ ድረስ የገባበት ቆዳ በዚህ ስለማይታወቅ ጠብታ ውሃ ጣሉበት፣ ቀለም በወፍራሙ ያልተቀባ ቬጂቴብል ቶሎ ይጠጣውና ይጠቁራል። ትንሽ ቁራጭ ማቃጠልም ይቻላል፣ የክሮሙ አመድ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ይሄን ውጭ ላይ አድርጉት፣ ሽታው ቤት ውስጥ አይወጣም። ወፍራም ቬጂቴብል የግድ ካስፈለጋችሁ ለቀበቶ ምናምን፣ የጫማ ሶል ቆዳ ብላችሁ ጠይቁ፣ የእውነት የሶል ቆዳ ከሆነ ባብዛኛው በታኒን የለፋ ነው፣ ግን ድርቅ ያለ ስለሆነ ለዋሌት አይሆንም።

ቆዳ የምገዛው መርካቶ ውስጥ ሸራ ተራ ነው። የጫማ ሰሪው ሰፈር ስለሆነ ከቆዳው እስከ ሶሉ፣ ገበሩ፣ ማስቲሹ፣ ክሩ፣ ዘለበቱ እዛው ነው፣ ሌላ ቦታ መዞር አያስፈልግም። ችግሩ ለአንድ ዋሌት ሚሆን ቆዳ ፈልጌ ነው ስትሉ ነጋዴው ያያችሁና ወደ ሌላው ደምበኛ ይዞራል፣ አይፈረድበትም፣ እሱ ለፋብሪካና ለጫማ ቤት ሚሸጥ ሰው ነው። መፍትሄው አንድ ሙሉ የፍየል ወይ የበግ ቆዳ መግዛት ነው፣ ትንሽ ናት፣ ለጀማሪ ትበቃለች፣ ወይ ደሞ ቁርጥራጭ ካለ መጠየቅ። ሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው፣ ማለትም በግምት 30 ሴንቲ በ30 ሴንቲ፣ ልኩ ከቆዳው ጀርባ ላይ ተፅፎ ታገኙታላችሁ። ያልተፃፈበት ከሆነ እዛው አስለኩት፣ በዓይን ግምት አትስማሙ።

ሲገዙ ወደ ደጅ አውጥቶ በፀሀይ ማየት ነው፣ ሱቁ ውስጥ ያለው አምፖል ሁሉንም ቆዳ ያሳምራል። የኛ አገር የበግና የፍየል ቆዳ ትልቁ ጣጣ እከክ ነው፣ ከቅማልና ከሌላ ጥገኛ ነፍሳት ሚመጣ፣ ፊቱ ላይ ትንንሽ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ሌላው የቢላ ምልክት ነው፣ ለፋሲካም ለአረፋም ለእንቁጣጣሽም እያንዳንዱ ቤት እያረደ ገፈፋው የሰለጠነ እጅ ስለማያገኝ ከኋላ በኩል ተቆርጦ ተቆርጦ ነው ሚመጣው፣ ከፊት ሲያዩት ምንም ሚታይ ነገር የለውም፣ ስትወጥሩት ግን እዛጋ ይቀደዳል። ስለዚህ ጀርባውን በእጃችሁ ዳብሱ። ቀለሙ እንደ ፕላስቲክ ወፍሮ ሚያብረቀርቅ ከሆነ ደሞ ጠርጥሩ፣ ብዙ ጊዜ ወፍራም ቀለም ሚቀባው ሚሸፈን ነገር ሲኖር ነው። የሆዱና የእግሩ ጋ ያለው ክፍል ይለጠጣል፣ ለማሰሪያና ለማንጠልጠያ ከጀርባው መስመር ቁረጡ። ውፍረት ለካርድ መያዣ ከ1 ሚሊ እስከ 1.2 ሚሊ ጥሩ ነው፣ ቀበቶ ከሆነ 3.5 ወይ 4 ሚሊ ይፈልጋል፣ ያንን ከበግ አትጠብቁ።

ወደ መሳሪያው ልመለስ። ኪቱ ውስጥ ያለው ወስፌ ክብ ጫፍ ነው፣ ክብ ወስፌ ቆዳውን አይቆርጥም፣ ይገፋዋል፣ ስስ ፍየል ላይ ቀዳዳው ይሰፋና ስፌቱ ይዝረከረካል። ለእጅ ስፌት ሚያስፈልገው ጫፉ ባለ አራት ጎን የሆነ፣ በቁርጡ ሲያዩት የአልማዝ ቅርፅ ያለው ነው፣ ስንጥቅ ይሰራል፣ ክሩ ስንጥቁ ውስጥ ጋደም ይላል፣ ያቺ የእጅ ስፌት ላይ ምታምረዋ ዘመም ያለች መስመር ከሷ ነው ምትመጣው። እዛው መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂዱ። ምናለሽ ተራ ከወዳደቀ ብረት የማይሰራ ነገር የለም፣ ቢላው ከመኪና ባሌስትራ ነው፣ ወስፌውን በፈለጋችሁት ውፍረት ያወጡላችኋል። እኔ የወሰድኩት ክብ ነበር፣ አራት ጎን አድርግልኝ ብዬ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ጋ ሄድኩ፣ «ጋሼ ይቺን አራት ጎን ታረጉልኛላችሁ?» ስላቸው ተቀብለው አገላበጧትና «ልጄ ቆዳ ነው ምትሰፋው? መጀመሪያውኑ አትለኝም» ብለው በሞረድ አስተካክለው ሰጡኝ፣ ማጥራቱ የኔ ነው፣ በጥሩ መሳያ ድንጋይ ከዛ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ከዛ ቆዳ ላይ አሸት አሸት። ከኪቱ ወስፌ ጋ አይወዳደርም፣ እጀታውም የወይራ ስለሆነ ላብ በላብ ሲሆኑ አያንሸራትትም።

ባለ ጥርስ መብሻው ከኪቱ ውስጥ ጥሩ ምለው እቃ ነው፣ ግን እንዳለ አትጠቀሙት። ጥርሶቹ ሻካራ ናቸው፣ ቆዳው ውስጥ ይነክሱና ሲወጡ ቆዳውን ይዘው ይወጣሉ። እያንዳንዱን ጥርስ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ሰም ቀቡት፣ ሌላ እቃ ይሆናል። ርቀቱ 4 ሚሊ ነው፣ ለቀበቶና ለቦርሳ ይሄዳል፣ ለስስ ዋሌት ግን 3 ሚሊ ነበር ሚያስፈልገው። ስትመቱ በብረት መዶሻ እንዳትመቱ፣ አናቱን ያበላሸዋል፣ የኪቱ ናይለን መዶሻ ቀለል ይላል እንጂ ለዚህ ይሆናል፣ ከበድ ያለ ከፈለጋችሁ የወይራ እንጨት። ስር ሚነጠፈው የወጥ ቤት ወፍራም ፕላስቲክ መክተፊያ ይበቃል።

የኪቱ ቢላ ስለሱ ብዙ ማወራው የለኝም፣ ለስላሳ ብረት ነው፣ ተስሎ ሳያልቅ ይደንዛል። የጫማ ሰሪዎቹ ከሴጌቶ ምላጭ ሚሰሩት ካራ ይበልጠዋል፣ እነሱው ጋ ጠይቃችሁ አሰሩ።

አሁን ስለ ስፌቱ፣ ምክንያቱም እቃው ሁሉ ለዚህ ነው። ሲንጀር ሚሰፋው በሁለት ክር ነው፣ የላይና የታች ክር መሀል ላይ ይያያዛሉ፣ አንዱ ክር ከተበጠሰ ተርትራችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። የእጅ ኮርቻ ስፌት ሚባለው ግን አንድ ክር ሁለት ጫፉ ላይ ሁለት መርፌ ነው፣ ሁለቱም መርፌ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ያልፋል፣ ስለዚህ አንዱ ቦታ ቢበጠስ ሌላው ጫፍ እዛው እንደያዘ ነው። የክሩ ርዝመት ከሚሰፋው መስመር 4 እጥፍ ገደማ፣ ቆዳው ከወፈረ ትንሽ ጨምሩ። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ፣ በቀኝ እጅ ያለው መርፌ ቀድሞ ሚገባ ከሆነ እስከ መጨረሻው እሱ ይቅደም፣ አለበለዚያ መስመሩ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይጋደላል። ሲጨርሱ ሁለት ሶስት ስፌት ወደ ኋላ ተመልሶ መቁረጥ፣ ፖሊስተር ክር ከሆነ ጫፉን በላይተር ነካ ማድረግ። መርፌው ጫፉ ደነዝ መሆን አለበት፣ ቀዳዳው ቀድሞ ተበስቷልና ሹል መርፌ ሚያደርገው የመጀመሪያውን ክር መውጋት ብቻ ነው። የኪቱ መርፌዎች ደነዝ ናቸው ጥሩ ነው፣ ግን የክር ቀዳዳቸው ቶሎ ይሰበራል። ሰፈር ሱቅ ያለ ወፍራም መርፌ ጫፉን ድንጋይ ላይ አሽታችሁ ማደንዘዝ ትችላላችሁ።

የኪቱ ክር ቀለማ ቀለም ነው፣ ስስና ጠፍጣፋ ፖሊስተር፣ የተቀባው ሰም ግን ሚያጣብቅ አይነት ነው፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ነጩ ክር ስፌቱ ሳያልቅ አመድማ ይሆናል። የሸራ ተራ የናይለን ክር ገዝታችሁ በንፁህ የንብ ሰም ብትስቡት ይሻላል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ እየኖሩ ሰም ከቻይና መግዛት ለኔ ትንሽ ቀልድ ነው። ጧፍ ገዝቼ ልጠቀም ካላችሁ ግን አሽትቱት፣ የማር ሽታ ከሌለው ፓራፊን ሊሆን ይችላል፣ ፓራፊን ክር ላይ ይፈረፈራል። የጠጅ ቤት ሰፈፍም ይሆናል፣ አቅልጦ በጨርቅ ማጥለል ብቻ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ቁጥር ብፅፍ ይቺን ስታነቡ ተቀይሯል። ብሩ ሀምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ ሚገባ እቃ ዋጋው አልረጋም። በኪቱ ዋጋ ግን ወስፌ፣ ካራ፣ መርፌ፣ ክር፣ ሰምና አንድ የፍየል ቆዳ ለቅማችሁ ትተርፋላችሁ፣ ከውጭ መምጣት ያለበት መብሻው ብቻ ነው፣ እሱ ለብቻው ሚሸጥ ካገኛችሁ በቃ ኪቱን እርሱት።

ከውጭ ሰው ሚመጣላችሁ ከሆነ ደሞ ሻንጣ ማይከብድ ነገር እዘዙ። የእንግሊዙ ጆን ጄምስ የኮርቻ መርፌና የጀርመኑ ሪትዛ ታይገር ክር ሁለቱም ኪስ ውስጥ ይገባሉ፣ ለስስ ቆዳ 0.6 ለሌላው 0.8 ሚሊ ክር። ወስፌ ከውጭ የግድ ካላችሁ በፈረንጆቹ ከ1826 ጀምሮ ያለው የአሜሪካው ሲ ኤስ ኦስቦርን ወይ የፈረንሳዩ ቨርጌዝ ብላንሻር አሉ፣ ሁለተኛው ኪስ ያደማል። አሜሪካ ያላችሁ ጀማሪዎች ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ የላችሁም፣ በፈረንጆቹ ከ1919 ጀምሮ ያለው ታንዲ ሚባለው የቆዳ ሱቅ ቬጂቴብል ቆዳ ይሸጣል፣ እናንተ ጋ የኪቱ ማህተምም ማሻሻም ስራ አላቸው። ወደዚህ ስትመጡ አንድ ቁራጭ ቆዳ ብትይዙልን አንጠላም። ወስፌና ቢላ ደሞ በካርጎ ሻንጣ እንጂ በእጅ ሻንጣ አይሁን፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል።

ስለ ጠርዝ ጠይቃችሁኝ ነበር። ክሮም ቆዳ ጠርዙ በማሸት ስለማይዘጋ ሁለት አማራጭ ነው ያለው፣ ወይ ጠርዙን አሳስቶ ወደ ውስጥ አጥፎ በማስቲሽ ማጣበቅ፣ ጫማ ሰሪዎቹ ሚያደርጉት ይሄን ነው፣ ወይ የጠርዝ ቀለም በስሱ ደጋግሞ መቀባትና በየመሀሉ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ። እኔ ማጠፉን እመርጣለሁ። ማስቲሹን ሁለቱም ገፅ ላይ በስሱ ቀብታችሁ እጅ ማይዝ እስኪሆን ጠብቁና ከዛ ነው መግጠም፣ መስኮት ክፈቱ ደሞ፣ ጭሱ ራስ ያዞራል።

ዘለበት ላይ መጨረሻ አንድ ነገር። ወርቃማ ሚመስለው አብዛኛው ቅብ ነው፣ ቀበቶው ገና አዲስ እያለ እሱ ይላጣል። ማግኔት ይዛችሁ ብትሄዱ ብረቱን ይለይላችኋል፣ ዚንኩን ግን ማግኔትም አይስበውም ናሱንም አይስበውም፣ ስለዚህ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ከጀርባው በሞረድ ጫር አድርጉት፣ ውስጡም ቢጫ ከሆነ ናስ ነው፣ ነጭ ከወጣ መልሱለት።